እማማ ዓቢዳን ያሰረው የእብነ በረድ ደረጃ

ቤት የምንሠራ ሰዎች አንድ የጋራ ጠባይ አለን። ሥራው እስኪያልቅ እንቅልፍ አይወስደንም፤ ካለቀ በኋላ ግን ዞር ብለን አናየውም። ድንጋዩ ሲነጠፍ ቆመን እንውላለን። የተነጠፈው ድንጋይ በምን እንደሚታጠብ፣ ውሃ ሲተኛበት ምን እንደሚሆን፣ ማን እንደሚረግጠው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ይህ ቸልተኝነት አንዲትን እናት በገዛ ልጃቸው ቤት እንዴት እንዳሰራቸው ልንገራችሁ።

ሚስባህ የመርሳ ነጋዴ ነው። ከሀብሩ ገበሬዎች ማንጎ፣ ብርቱካንና ሽንኩርት እየሰበሰበ ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ይልካል። ቃሉን አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በሰፈሩ የተወደደ ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አስፋልቱ ዳር ፎቅ ሠራ። ምድር ቤቱን ለሱቅ አከራየና ከባለቤቱ ከለይላና ከልጆቹ ጋር ላይኛው ፎቅ ገባ። ወደ ላይ የሚያስወጣው ደረጃ ከቤቱ ጎን፣ በውጭ በኩል ነው። ሚስባህ ይህን ደረጃ ከታች እስከ ላይ በነጭ እብነ በረድ አስለበሰው። የእጅ መደገፊያ ብረት ግን አላስገባለትም፤ የድንጋዩን ውበት ይሸፍንብኛል አለ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያደንቅለት ነበር።

እብነ በረዱን የገዙት ወልድያ ነው፤ ባልና ሚስት አብረው ሄደው። የሱቁ ባለቤት ኪሩቤል ዕቃውን እያስጫነ ምክር ሰጣቸው።

«ይኼ ልሙጥ ድንጋይ ነው፤ ለሳሎን ይሻል ነበር። ውጭ የምታደርጉት ከሆነ መርገጫ መርገጫውን አሻክሩት። እብነ በረድ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሥራው ሲያልቅ ውሃ እንዳያስገባ ማሸጊያ ይቀባ። የተቀባውም ዕድሜ አለው፣ ጊዜው ሲደርስ ይደገማል። ለማጠቢያ ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። አሲድ እንዳታስነኩት» አላቸው።

ለይላ በደንብ አዳመጠች። ሚስባህ ዓይኑ መኪናው ላይ ነበር።

ሥራው እንዳለቀ ለይላ ነገሩን አነሳችበት። «ማሸጊያውን መቼ ነው የምናስቀባው?» አለችው።

«ድንጋይ እኮ ነው ለይላ» አላት። «ተራራው ላይ ይኼን ሁሉ ዘመን ዝናብ ሲወርድበት ማን ቅባት ቀባው? ሰውየው ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ሊጨምርልን ፈልጎ ነው።»

«ተራራው ላይ እኛ አንወጣ አንወርድበት።»

ሚስባህ ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

በዚያው ዓመት የሚስባህ አባት አረፉ። እናቱ እማማ ዓቢዳ በግራና ከተማ አጠገብ ባለው ገጠር ብቻቸውን ቀሩ። ሚስባህ እናቱን ሜዳ ላይ የሚተው ልጅ አይደለምና አምጥቶ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ሰጣቸው። እማማ ዓቢዳ ዕድሜያቸው ቢገፋም እግራቸው ብርቱ ነበር። የታመመ ሲጠይቁ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ አራስ ቤት ሲገቡ ይውላሉ። በገበያ ቀን ደግሞ የግራናን መኪና ተሳፍረው ወንድማቸውን ሼህ ኡበይደላን አይተው ይመለሳሉ። ሼህ ኡበይደላ ታላቃቸው ናቸው። ወላጆቻቸው በልጅነት ስለሞቱባቸው አሳድገው የዳሯቸው እሳቸው ነበሩ። «ኡበይደላ ወንድሜ ብቻ አይደለም፤ አባቴም እናቴም ነው» ይሉ ነበር እማማ ዓቢዳ።

የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ከደረጃው በላይ ያለው አሸንዳ ተሰንጥቆ ውሃውን ደረጃው ላይ ይለቀው ጀመር። ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከርም ሲሞላ የሚፈሰው በዚያው በኩል ነው። ድንጋዩ ጠጣ፤ ጠቆረ፤ ቆይቶም ሰው የድንጋይ ሽበት የሚለው አረንጓዴ ነገር በቀለበት። ለይላ በሳሙናና በብሩሽ ትፈትገዋለች፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ ስላልቆመ ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል።

«አሸንዳውን አሠራው፤ ከሥሩ ካልደረቀ እኔ ብፈትገው ዋጋ የለውም» አለችው።

ሚስባህ አሸንዳውን ትቶ አሲድ ገዝቶ መጣ። «ይኼ ነው ድራሹን የሚያጠፋው» ብሎ አፈሰሰበት። ድንጋዩ አረፋ ደፈቀ፤ ሽታው ሰው አላስቆም አለ። አረንጓዴው በእርግጥ ጠፋ። አብሮ ግን የድንጋዩ ፊት ተበላና እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጥቃቅን ጉድጓዶች አወጣ። መደብዘዙ ሚስባህን አላስደሰተውም። የእንጨት ዕቃ ቫርኒሽ አመጣና ከላይ እስከ ታች አስቀባው። ደረጃው እንደ መስታወት አበራ። የመጣ እንግዳ ሁሉ አመሰገነው፤ ሚስባህም ጉዳዩ ያለቀ መሰለው።

አላለቀም። በመጋጠሚያዎቹ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ቫርኒሹን ከሥር ያነሳው ጀመር። አንዳንዱ ድንጋይ ሲረግጡት ባዶ ድምፅ አወጣ። በቀጣዩ ክረምት ጉድጓዶቹ ውስጥ ሽበቱ ተመልሶ በቀለ። ያልተላጠው ቫርኒሽ ደግሞ ውሃ ሲነካው ሳሙና ሆነ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ማለዳ፣ እማማ ዓቢዳ አራስ ሊጠይቁ ወጡ። ከላይ ትንሽ እንደወረዱ አዳለጣቸው። የሚይዙት ነገር ፈለጉ፤ ግድግዳው ልሙጥ ነው፤ በሌላው በኩል አየር ነው። እየተንከባለሉ ታች ደረሱ። ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ጎረቤታቸው የሚኒባስ ሹፌሩ ንጉሴ ነበር። አቅፎ መኪናው ውስጥ አስገባቸውና ከለይላ ጋር ወልድያ ሆስፒታል አደረሳቸው። እጃቸው ተሰብሯል፤ ዳሌያቸው ክፉኛ ተቀጥቅጧል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው አለመሰበሩ ዕድል ነው አለ።

ሚስባህ በጣም ደነገጠ፤ እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ደረጃውን ማሠራት አልነበረም። ብረት በያጅ ጠርቶ ደረጃው አናት ላይ የብረት በር አስገጠመና ቁልፍ አደረገበት።

እጃቸው በጄሶ ታስሮ የተመለሱት እማማ ዓቢዳ በሩን ሲያዩ ቆም አሉ።

«በር ዘጋህብኝ?» አሉት።

«አይ እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ ነው። ዳግመኛ ብትወድቂ ምን ይውጠኛል? የፈለግሽውን ንገሪኝ፣ ያለሽበት ድረስ አመጣልሻለሁ።»

«እኔ የምፈልገው የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የሚኬድበት ነው።»

ሚስባህ ነገሩን እንደ አሮጊት ጨዋታ ወሰደው። ለይላ ግን ማታ እራት ስታቀርብ ለብቻው አገኘችውና «ያጠፋው ደረጃው፣ የታሰሩት እሳቸው። ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አለችው።

«ወቅቱ የሽንኩርት ነው፤ ፋታ የለኝም። መስከረም ይጥባና አሠራዋለሁ ኢንሻአላህ» አላት።

መስከረም ጠባ፤ አለፈ። ዝናቡ ሲያቆም ሚስባህ ደግሞ «አሁንማ ደርቋል» አለ።

እማማ ዓቢዳ ሰገነቱ ላይ ወንበር አስወጥተው አስፋልቱን ሲያዩ ይውላሉ። የወልድያ ሚኒባሶች ያልፋሉ። ማንጎ የጫኑ አህዮች ያልፋሉ። ጁምዓ ሲሆን ሰዉ ነጭ ለብሶ ወደ መስጊድ ይተማል። የሚያውቋቸው ሴቶች ከታች ሆነው እጃቸውን ያነሱላቸዋል፤ «እንዴት ሰነበቱ?» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ላይ ድረስ የሚመጣ ግን እየቀነሰ ሄደ። አንዷ ባልቴት ልትጠይቃቸው ስትወጣ አዳልጧት ለጥቂት ተርፋለች፤ ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ እኩዮቻቸው ሁሉ ደረጃውን ፈሩት። ለቅሶ ሲሆን ለይላ በእሳቸው ስም ትደርሳለች። እማማ ዓቢዳ እህል መቀነስ፣ ዝም ማለት አመጡ። ልጆቹ ሲያጫውቷቸው ፈገግ ይላሉ፤ ወዲያው ዓይናቸው ወደ ብረቱ በር ይመለሳል።

ሼህ ኡበይደላ በስልክ «ምነው ጠፋሽ? መቼ ነው የምትመጪ?» ይሏቸዋል። እሳቸው ልጃቸውን ላለማሳጣት «እጄ እስኪጠና ነው» ይላሉ። ጄሶው ከተፈታ ሰንብቶ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሼህ ኡበይደላ ታመሙ። አንድ ቀን ጠዋት ከግራና ተደወለ፤ በሽታው ጠንቷል፣ ዓቢዳን አምጡልኝ እያሉ ነው ተባለ። ሚስባህ ለጭነት ሲሪንቃ ሄዶ ነበር። ለይላ ደወለችለትና ቁልፉን አንስታ የብረቱን በር ከፈተች። ንጉሴም መኪናውን አስነስቶ ታች ቆመ።

ያን ቀን ዝናብ አልነበረም። ነገር ግን የቧንቧ ውሃ ገብቶ ታንከሩ ሞልቶ ኖሮ ከላይ ሲፈስ አድሯል። ደረጃው ከዳር እስከ ዳር ረጥቦ ያብለጨልጫል።

«እኔን ይያዙኝ፣ ቀስ ብለን እንወርዳለን» አለች ለይላ።

እማማ ዓቢዳ አንድ እግራቸውን አወረዱ። ድንጋዩ ከሥራቸው ሸተት ሲል ተሰማቸው። የወደቁበት ቀን ትዝ አላቸው። ወደኋላ ተመልሰው የበሩን ብረት ያዙ።

«አልቻልኩም ልጄ» አሉ። «እግሬ እንቢ አለኝ።»

«እኔ ልዘልዎት» አለች ለይላ። ሆኖም ራሷም ባዶ እጇን እንኳ ደረጃው ላይ መቆም ያቅታት ነበር። ንጉሴ ከታች ሊወጣ ሞከረና መሀል ላይ ተንሸራቶ ጉልበቱን መታ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እማማ ዓቢዳ ግን መውጣት አልቻሉም። እዚያው ደፍ ላይ ተቀምጠው ወደ ግራና አቅጣጫ እያዩ ዱዓ ያደርጉ ጀመር።

ሚስባህ ከሲሪንቃ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ቀትር ተጠግታለች። እናቱን ወንበር ላይ አስቀምጠው እሱና ንጉሴ፣ ከሱቅ ተከራዮቹም አንዱ ሆነው ተሸክመው መውረድ ጀመሩ። መሀል ሲደርሱ ሚስባህ የረገጠው ድንጋይ ከቦታው ተንቀሳቀሰ። ወንበሩ አዘነበለ፤ እማማ ዓቢዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ንጉሴ በትከሻው ግድግዳውን ተደግፎ ለጥቂት አዳናቸው። ከዚያ በኋላ ማንም እግሩን ማንሳት ፈራ። ወደ ታችም ወደ ላይም አይሉ፣ መንገደኛ ሁሉ እያያቸው ወንበሩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሚስባህ እንዲያ ይኮራበት በነበረው ደረጃ መሀል እናቱን ተሸክሞ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ከሱቆቹ ጆንያ መጥቶ እግራቸው ሥር እየተነጠፈላቸው አንድ በአንድ ወረዱ።

ግራና ሲደርሱ ሰዉ ከቀብር እየተመለሰ ነበር። ሼህ ኡበይደላ ረፋዱ ላይ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ጀናዛ ደግሞ አይቆይም፤ ወዲያው ይቀበራል።

እማማ ዓቢዳ አልጮሁም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ተቀመጡ። ሼሁን ያስታመመችው የልጃቸው ሚስት አጠገባቸው መጥታ ሼሁ እስከ መጨረሻው «ዓቢዳ መጣች?» ይሉ እንደነበር ነገረቻቸው።

«እኔ እኮ ሩቅ አልነበርኩም» አሉ እማማ ዓቢዳ። «ከመርሳ ግራና ቅርብ ነው። የራቀብኝ ከላይ እስከ ታች ነው።»

ሚስባህ ይህን ሰማ፤ ቀና ብሎ ሰው ማየት አቃተው።

የለቅሶው ቀናት ሲያልፉ ሚስባህ «እማዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አላቸው።

«የቱ ቤት?»

«ቤታችን ነዋ።»

«ቤት መግቢያም መውጫም ያለው ነው» አሉት ረጋ ብለው። «ያንተ መግቢያ ብቻ ነው ያለው። ልጄ ነህ፣ አልረገምኩህም፣ አልረግምህምም። ወደዚያ ግን አልመለስም። እዚሁ ወንድሜ ደጅ እሆናለሁ።»

ሚስባህ ለመነ፤ ሽማግሌም አስለመነ። እማማ ዓቢዳ ቃላቸውን አልለወጡም። ብቻውን ተመለሰ። መርሳ ሲደርስ ደረጃው ሥር ቆሞ ተመለከተው። እዚያ ቤት ከገባ ጀምሮ እንዲህ አተኩሮ አይቶት አያውቅም ነበር። ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ፣ እናቱ እንደሚወጡት፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። የተላጠው ቫርኒሽ እግሩን ቧጨረው፤ አረንጓዴው ቦታ ሸተት አደረገው። ላይ ሲደርስ ለይላን አገኛትና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ያ የወልድያው ሰው ምን ነበር ያለን?» ሲል ጠየቃት።

ለይላ «ነግሬህ አልነበር» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ኪሩቤል የተናገረውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ የተነካው ድንጋዩ አልነበረም፤ የውሃው ምንጭ ነው። አሸንዳው ተቀየረ፤ የታንከሩ ትርፍ ውሃም በቧንቧ ወደ ጓሮ ተመለሰ። ከዚያ ድንጋይ አንጣፊው ሙላቱ መጥቶ የቀረውን ቫርኒሽ አስለቀቀ፤ የላሉትን ድንጋዮች አንስቶ በአዲስ ሲሚንቶ መለሳቸው፤ መጋጠሚያዎቹን ደፈነ። በአሲድ የተበላውን ፊት አለሰለሰው፤ መርገጫዎቹን ግን እግር እንዲይዙ አሻከራቸው፤ በየጠርዛቸውም ቀጫጭን መስመሮች ቆረጠባቸው። ደረጃው በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ እንዲደርቅ ተተወ።

ሙላቱ ሌላ ሥራ ይጠብቀው ስለነበር ማሸጊያውን ቶሎ ቀብቶ ሊገላገል ፈለገ። «ላዩ ደርቋል፣ ይበቃል» አለ።

«ላዩ ነው የደረቀው» አለች ለይላ። «ውስጡ ያለውን ውሃ ይዘን ካሸግነው የቫርኒሹ ታሪክ መድገም ነው።»

ሚስባህ ያን ጊዜ «አሁን ጊዜ የለኝም» አላለም። «እሷ እንዳለችው ይሁን፤ ይቆይ» አለ። ድንጋዩ ፀሐይ ጠጥቶ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ከኪሩቤል ዘንድ ለእብነ በረድ የሚሆነው ማሸጊያ ተገዝቶ ተቀባ፤ ድንጋዩ ያልጠጣው ትርፍም እንዳያንሸራትት በጨርቅ ተጠረገ። በግራና በቀኝ መደገፊያ ብረት ተተከለ። አናቱ ላይ የነበረው የብረት በር ተነቀለ። ደረጃው እንደ ድሮው አያብረቀርቅም፤ ደብዘዝ ያለ ነጭ ሆነ።

ሚስባህ ወደ ግራና ሄደ። «እማዬ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላቸው እግራቸው ሥር ተንበርክኮ። «አጎቴን አልመልስልሽም። በሩን ግን ነቅየዋለሁ። ነይና እይው፤ ካልወደድሽው እኔው እመልስሻለሁ።»

እማማ ዓቢዳ «አፉ ብያለሁ» አሉና ነጠላቸውን አነሱ።

መርሳ ሲደርሱ ከደረጃው ሥር ቆመው ለይላን ውሃ አስመጧት። «አፍስሺበት» አሏት። ለይላ ከላይ አፈሰሰችው፤ ውሃው ድንጋዩ ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። እማማ ዓቢዳ እርጥቡን ድንጋይ በእግራቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። ያዘ። ብረቱን ይዘው ወጡ። ሚስባህ ከኋላቸው ሆኖ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ» አሉት።

ላይ ሲደርሱ ሁሉም ደስ አለው። እሳቸው ግን ክፍላቸው አልገቡም፤ ዞር አሉ።

«እኔ መውጣቱን አይደለም ማየት የምፈልግ» አሉ፤ «መውረዱን ነው።»

ቀስ ብለው፣ አንድ እግራቸውን እያስቀደሙ፣ ብረቱን እየያዙ ወረዱ። ታች ሲደርሱ እጃቸውን ከብረቱ ለቀቁና አስፋልቱን ግራና ቀኝ አይተው ተሻገሩ።

«የት እየሄደች ነው?» አለ ሚስባህ።

«አልነገሩኝም» አለች ለይላ።

ሚስባህ ሊከተላቸው አንድ እርምጃ ተራመደና ተወው። እናቱ ከማዶ ባለው ሰፈር ውስጥ ገብተው እስኪሰወሩ ድረስ ቆሞ አያቸው።

ወገኖቼ፣ ቤታችሁን በድንጋይ ማስጌጥ ነውር አይደለም። ድንጋይ ግን አይናገርም እንጂ ይጠጣል፣ ይቆሽሻል፣ ይለቃል። ውሃውን ከምንጩ አቁሙለት፤ በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ ደርቆ ሳለ እሸጉት፤ ውሃ ጠብ ሲልበት መጠጣትና መጥቆር ሲጀምር ደግሞ ማሸጊያውን ድገሙት። ደጃችሁ ሲያዳልጥ ሰዉን «አትውጣ» ከማለታችሁ በፊት ደጁን አስተካክሉ። ሚስባህ ዛሬ ክረምት ሲቃረብ ወደ ጣሪያው ወጥቶ አሸንዳውን ሳያይ አይውልም። ሼህ ኡበይደላ ግን እህታቸውን ሳያዩ ሄደዋል፤ ያንን የሚጠግን ማሸጊያ እስካሁን አልተገኘም።